ሬቨንሆልም ላይ ጥይት ላለቀበት፦ የ«ሃፍ ላይፍ 2» ጥያቄዎችና መልሶች

ባለፈው እትም አሮጌ ኮምፒውተር ላላቸው አንባቢዎች «ሃፍ ላይፍ 2»ን ጠቁመን ነበር። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 2004 ያወጣው፣ ለብቻ የሚጫወቱት የተኩስ ጌም ነው፤ ሁሉ ነገር የሚታየው በባለታሪኩ በጎርደን ፍሪማን ዓይን ነው። ፍሪማን የፊዚክስ ሊቅ ነው። ኮምባይን የሚባሉ ከሌላ ዓለም የመጡ ወራሪዎች በያዟት ሲቲ 17 በምትባል ከተማ ከባቡር ሲወርድ ታሪኩ ይጀምራል። ደብዳቤው ከጠበቅነው በላይ ስለጎረፈ የሚመሳሰሉትን አጣምረን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ሬቨንሆልም ከገባሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው። የሽጉጡም የኤስኤምጂውም ጥይት አለቀ፤ ዞምቢዎቹ ግን ከየጣሪያው እየዘለሉ ይመጣሉ። የተደበቀ ጥይት ካለ እባካችሁ ጠቁሙኝ። (ቴ.፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጥይት እንዲያጥርህ ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ወንድማችን። ከሬቨንሆልም በፊት ባለው ምዕራፍ የትግል ጓደኛህ አሊክስ የሰጠችህ ግራቪቲ ጋን ለዚህች ከተማ የታሰበ ነው። የማውሱ ቀኝ ቁልፍ ዕቃ ይስባል፣ ይይዛል፤ ግራው ያስፈነጥራል። ይዘህ ሐሳብህን ከቀየርክ ቀኙን ደግመህ ስትጫን ዕቃው እግርህ ሥር ይወድቃል።

መግቢያው አካባቢ ግድግዳ ላይ የተሰኩ ክብ የመጋዝ ምላጮችና ለሁለት የተከፈለ ዞምቢ አይተህ ይሆናል። እዚያ ያስቀመጡት ዘዴውን እንድትማርበት ነው። ምላጩን ነቅለህ ስትወረውር ወገቡ ላይ አታነጣጥር፤ ወገቡ ላይ የተመታ ዞምቢ ለሁለት ይከፈልና የላይኛው ግማሽ በእጁ እየተሳበ ሊመጣብህ ይችላል። ከፍ አድርግና አንገቱ ላይ ልቀቀው። መሞት ያለበት ሰውየው ጭንቅላት ላይ የተጣበቀው ሄድክራብ ነው፤ አካሉ ያለ እሱ በድን ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ምላጩን አንዴ ወርውረው ጥለውት ሲያልፉ ነው። ምላጩ ግድግዳው ላይ ይሰካል እንጂ አይጠፋም፤ በቀኝ ቁልፍ ነቅለህ ይዘህ ቀጥል። አንድ ጥሩ ምላጭ ይዞ ብዙ መንገድ መሄድ ይቻላል።

ሁለተኛው መሣሪያህ የጋዝ ሲሊንደር ነው። ስታስፈነጥረው እየነደደ ሄዶ ይፈነዳል፤ ስለዚህ ጠባብ ክፍል ውስጥ አንተንም ይዞህ ይሄዳል። ቢያንስ አንድ ክፍል ያህል ርቀት ይኑርህ። ሦስተኛው አባ ግሪጎሪ የሚባሉት መነኩሴ በየመንገዱ ያጠመዱት ወጥመድ ነው። በገመድ የተንጠለጠለው መኪና በማንሻ ይወርዳል። የጋዙ ወጥመድ ሁለት እርምጃ አለው፦ መጀመሪያ ቫልቩን ትከፍታለህ፣ ከዚያ ብልጭታውን ትለቃለህ። በመኪና ሞተር የሚሽከረከረው ምላጭ ደግሞ የቆመውን ሁሉ ያጭዳል። አንተ በኮንትሮል ቁልፍ አጎንብሰህ ሥሩ ብትጠብቅ ዞምቢዎቹ ራሳቸው እየመጡ ይገቡበታል። የቀለም ቆርቆሮ መወርወር ዞምቢውን ነጭ ከመቀባት በቀር ፋይዳ የለውም፤ አንዴ መሞከሩ ግን አይከለከልም።

ስለሚዘሉት የጻፍከው ፈጣኖቹን ዞምቢዎች ይመስለናል። እነዚህ በቤቱ የዝናብ ማውረጃ ቱቦ ነው የሚወጡት። የቱቦው መንቀጥቀጥ ድምፅ ሲሰማህ ቱቦው ጣሪያውን የሚነካበት ቦታ ላይ ቆመህ አናታቸው ብቅ ሲል ምታቸው። አባ ግሪጎሪ ሾትገን ከሰጡህ በኋላ ይህ በጣም ይቀላል፤ ቀኝ ቁልፉ ሁለት ጥይት በአንዴ ይተኩሳል። ስድስቱን ጥይት ግን በከንቱ አትጨርስ።

አንድ ነገር በተለይ ልብ በል። ጥቁሩ፣ ጸጉራሙ ሄድክራብ ሲነክስህ ጤንነትህ በአንዴ ወደ 1 ይወርዳል። የገባው ሁሉ ይደነግጥና ያለውን የጤና ሣጥን ይጠቀማል፤ ይህ ብክነት ነው። የለበስከው መከላከያ ልብስ መድኃኒቱን በራሱ ስለሚወጋህ የወረደው ጤንነት ቀስ እያለ ይመለሳል። ገዳዩ ንክሻው ራሱ አይደለም፤ በነዚያ ጥቂት ሴኮንዶች ሌላ ዞምቢ በጥፊ ቢነካህ ነው የምትሞተው። ስለዚህ ስትነከስ ወደኋላ ሽሽ፣ በር ዝጋ፣ ጠብቅ። ትልቁ የጤና ሣጥን 25፣ ትንሿ ብልቃጥ 10፣ የልብሱ ባትሪ 15 ነጥብ ነው የሚሰጡት፤ ጤንነትህ 90 ሲሆን ትልቁን ሣጥን አታንሳ። ባትሪ መብራትህና ሩጫህ የሚጠቀሙት አንድ ኃይል መሆኑንም አትርሳ፦ እያበራህ ከሮጥክ ሁለቱንም በአንዴ ታጣለህ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ግራፊክሱ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተሠራው ኢንቴል ነው። ይችላል? ኢንተርኔቱም መብራቱም እየተቆራረጠ ማውረድ አስቸግሮኛል። (አ.፣ ከደሴ)

መልስ፦ ይችላል። ጌሙ የሚሸጥበትና የሚወርድበት የስቲም ገጽ ዝቅተኛ መስፈርት ብሎ የሚጠይቀው 1.7 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 512 ሜጋባይት ራም ነው። ያንተ ላፕቶፕ የሚቸገረው ውሃ ሲያይ ነው። በቪዲዮ ማስተካከያው ውስጥ የላቀ የሚለውን ክፈትና የውሃውን ነጸብራቅ ሁሉንም አንጸባርቅ ከሚለው ወደ ቀላሉ አውርደው፤ ጀልባ የምትነዳበት ምዕራፍ ላይ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው። ቀጥሎ የጠርዝ ማለስለሻውን አጥፋ፣ ጥላውን ዝቅ አድርግ፣ ስክሪኑን 1280 በ720 አድርገው። የገጽታ ጥራቱን እስከ መጨረሻ አታውርደው፤ ፊቶቹ ይጠፋሉ፣ የምታገኘው ፍጥነት ግን ኢምንት ነው። ራሙ በአንድ ቁራጭ የተሠራ ከሆነና ሌላ ባዶ ቦታ ካለ፣ ተመሳሳይ ሁለተኛ ቁራጭ ማስገባት ከማናቸውም ማስተካከያ ይበልጣል፤ እንዲህ ያለው ግራፊክስ የራሱ ማህደረ ትውስታ ስለሌለው ከራሙ ነው የሚበደረው፤ ሁለት ቁራጭ ሲሆን መንገዱ ይሰፋለታል።

ማውረዱን በተመለከተ፣ ስቲም ከቆመበት ይቀጥላል፤ ከመጀመሪያው አይጀምርም። መብራት ድንገት ጠፍቶ ጌሙ አልነሣ ካለ አጥፍተህ እንደገና አታውርድ። በጌሙ ስም ላይ ቀኝ ቁልፍ ተጭነህ ባሕሪያት ውስጥ ገብተህ የፋይሎቹን ጤንነት አረጋግጥ የሚለውን ምረጥ፤ የተበላሸውን ብቻ ለይቶ ያወርዳል። ጌሙን በራሱ አካውንት የገዛ ጓደኛ ካለህ ደግሞ፣ አንተም ከገዛህ በኋላ፣ የጌሙን ፎልደር ከእሱ ኮምፒውተር ገልብጠህ ያንተው የስቲም ፎልደር ውስጥ በተመሳሳይ ቦታ አስቀምጥና አውርድ የሚለውን ተጫን። ስቲም ያለውን አግኝቶ የጎደለውን ብቻ ያመጣል። ፍላሹ በፋት 32 የተሠራ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ወደ ኤክስፋት ቀይረው። ያለ ኢንተርኔት ለመጫወት መጀመሪያ ኢንተርኔት እያለ ጌሙን አንዴ አስነሣው፣ ከዚያ ስቲምን ኦፍላይን አድርገው። መጀመሪያ መስመሩ ከተቆረጠ በኋላ ኦፍላይን ልሁን ማለት ብዙ ጊዜ አይሳካም።

ጥያቄ፦ ያ የሚበር ፍጥረት መሰል አውሮፕላን አርፒጂ ይዤ እንኳ አልመታ አለኝ። ሮኬቱን አየር ላይ ያፈነዳዋል። (ዮ.፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጋንሺፕ ይባላል፤ ጥይት አይነካውም፤ የሚጥለው ሮኬት ነው፤ በመካከለኛው ደረጃ 5 ጊዜ መምታት አለብህ። ቀጥ አድርገህ ከተኮስክበት ሮኬቱን አስቀድሞ ያየዋል። ለአንተ ከሚተኩሰው ይልቅ ለሮኬቱ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ይህን ልማዱን ተጠቀምበት። ሮኬቱ የሚሄደው ቀይዋ ነጥብ ወደ ተቀመጠችበት ነው፤ ከለቀቅከው በኋላም መንገዱን መቀየር ትችላለህ። ስለዚህ ከጋንሺፑ ራቅ አድርገህ ወደ ላይ ተኩስ፣ ነጥቧን በሰፊ ክብ አዙራት፣ ሮኬቱ ጎኑን ሲያልፍ ድንገት ነጥቧን ገላው ላይ አሳርፍ። ከጎን ወይም ከኋላ የመጣውን በጊዜ አይመታም። ሁለት መውጫ ያለው ጣሪያ ሥር ቁም፤ ተኩሱ ከመጀመሩ በፊት የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ያን ስትሰማ ግባ። መያዝ የምትችለው 3 ሮኬት ብቻ ስለሆነ፣ ፍልሚያው ከመጀመሩ በፊት የሮኬቱ ሣጥን የት እንዳለ እይ።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛው ይፈጥንብኛል፤ ታሪኩ እያመለጠኝ ነው። በአማርኛ ይገኛል ወይ? ካልተገኘስ ራሴ ብተረጉመው? (ሰ.፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ኩባንያው ያዘጋጀው የአማርኛ ጽሑፍ የለም። ለጊዜው በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ የንግግር ጽሑፉን አብሪው። ሁለት ምርጫ አለ፤ አንዱ ንግግር ብቻ ያሳያል፣ ሌላው የዞምቢ ማጉረምረምንና የፍንዳታን ድምፅ ሳይቀር ይጽፋል። መስማት ለሚቸገሩ የተዘጋጀው ይህ ሁለተኛው ጨለማ ቦታ ላይ ለሁሉም ይጠቅማል፤ ከኋላሽ የመጣውን ሳታዪው ታነቢዋለሽ።

መተርጎሙ ይቻላል፤ ጠንካራ ጣት ይፈልጋል እንጂ። ንግግሮቹ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ተደርድረዋል፦ በእያንዳንዱ መስመር በግራ የድምፁ መለያ ስም፣ በቀኝ በጥቅስ ምልክት ውስጥ የሚነበበው ጽሑፍ። የግራውን አትንኪ፣ የቀኙን ብቻ ቀይሪ። በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያሉት የቀለምና የጊዜ ትእዛዞች ባሉበት ይቆዩ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ፋይሉን ሲያስቀምጥ ነው፤ ዛሬ የተለመደው ዩቲኤፍ 8 እዚህ አይሠራም፤ ዩቲኤፍ 16 የሚለውን፣ ትንሹ ባይት የሚቀድምበትን ዓይነት ምረጪ። ከዚያ ፋይሉን ከጌም መሥሪያ መሣሪያዎቹ ጋር በሚመጣው የጽሑፍ ማጠናቀሪያ አሳልፊው፤ ጌሙ የሚያነበው ጥሬውን ጽሑፍ ሳይሆን ከዚህ የሚወጣውን ነው። ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ የተመረጠው ፎንት የግእዝ ፊደል የለውም ማለት ነው፤ የፎንቱን ስም የያዘውን ፋይል ከፍተሽ ናያላ በሚለው ተኪው። ዊንዶውስ 10 ላይ ናያላ እንደ ተጨማሪ የኢትዮጵያ ፎንት ተለይቶ ይጫናል። የሠራሽውን ሌላ ቦታ ቅጂ አስቀምጪ፤ ከላይ ለደሴው ወንድማችን ያልነው የፋይል ማረጋገጫ ትርጉምሽን ደምስሶ እንግሊዝኛውን ይመልሳል። ጽሑፉ ስክሪን ላይ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ አጭር አድርጊው፤ ሳይንቲስቱ ዶክተር ክላይነር ሲናገሩ ረጅም ነው፣ የፍሪማን ጓደኛ በርኒ ግን ቀልደኛ የሰፈር ልጅ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ዓይነት አማርኛ እንዳታናግሪያቸው።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ ይህን ጌም ግዢልኝ ብሎ አስቸገረኝ። ምን ያህል ይከብዳል? (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እናታችን፣ በአሜሪካ የደረጃ አሰጣጥ ኤም ተብሎ ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ የተመደበ ነው፤ ምክንያቱም ደምና ከባድ ጥቃት ስላለበት ነው። ልቅ ወሲብ የለበትም። ከተኩሱ ይልቅ ልጅ የሚያስፈራው ሬቨንሆልም ነው፤ በእሳት የተያያዙት ዞምቢዎች የሚያሰሙት የሰው ጩኸት ነው፤ እሱን ሳይሰሙ አይወስኑ። ልጅዎ ጌም በመሥራት በኩል ፍላጎት ካለው ያው ኩባንያ ያወጣውን «ፖርታል» ያስቀድሙ። «ሃፍ ላይፍ 2» በተሠራበት፣ ሶርስ በተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር የተሠራ እንቆቅልሽ ነው፣ ደረጃውም ለ13 ዓመት ልጅ የሚፈቀድ ነው።

ጥያቄ፦ ግማሽ ሰዓት ከተጫወትኩ ያቅለሸልሸኛል። (ማ.፣ ከሃይፋ)

መልስ፦ የእይታው ስፋት ስለጠበበ ነው። ጌሙ ሲጀምር 75 ዲግሪ ላይ ነው፤ ቅርብ ተቀምጦ ትልቅ ስክሪን ለሚያይ ሰው ይህ በቱቦ ውስጥ እንደማየት ነው። በቪዲዮ ማስተካከያው 90 ወይም ከዚያ በላይ አድርጊው፤ አሁን እስከ 110 ይደርሳል። ሲዞሩ ምስሉ የሚደበዝዝበትንም ማሳያ አጥፊው። ጀልባዋ ላይ ዓይንሽ ከጀልባዋ አፍንጫ ይልቅ ከፊት ካለው ድልድይ ወይም አድማስ ላይ ይቆይ። ማቅለሽለሹ ከጀመረሽ በኋላ መቀጠል ጥቅም የለውም፤ ኤፍ 6 ተጫኚና ተነሺ፣ ስትመለሺ ኤፍ 9 እዚያው ያደርስሻል።

ጥያቄ፦ የሚከተሉኝ ታጋዮች በር ላይ ይገተሩብኛል። (ከአንድ በላይ አንባቢ)

መልስ፦ ሲ የሚለውን ቁልፍ አንዴ ስትጫኑ ወደምታዩት ቦታ ይሄዳሉ፣ ሁለቴ አከታትላችሁ ስትጫኑ ይመለሳሉ። ጠባብ ክፍል ከመግባታችሁ በፊት መንገድ ላይ ላኳቸው። ክንዳቸው ላይ የሐኪም ምልክት ያለባቸውን ግን አርቃችሁ አትላኩ፤ ስትቆስሉ መድኃኒት የሚሰጧችሁ እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ስሙ «ግማሽ ሕይወት» ማለት ነው? ደግሞስ በየትኛው ቅደም ተከተል ልጫወት? (ብ.፣ ከዱባይ)

መልስ፦ የፊዚክስ ቃል ነው፤ ጨረር የሚለቅ ንጥረ ነገር መጠኑ በግማሽ እስኪቀንስ የሚወስደው ጊዜ ነው። በየግድግዳው የምታየው ላምዳ የሚባለው የግሪክ ፊደልም የዚያው ስሌት ምልክት ነው። ጌሙ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሥራ አለው፦ የተቀባበት ቦታ አካባቢ ታጋዮች የደበቁት መድኃኒትና ጥይት አለ፤ በድምሩ 45 ቦታ። ቅደም ተከተሉ፦ የ1998ቱ የመጀመሪያው፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ የ2006ቱ ክፍል አንድና የ2007ቱ ክፍል ሁለት። ከኖቬምበር 2024 ወዲህ ሁለቱ ክፍሎች ከ2 ጋር ተጠቃልለው ይመጣሉ፤ ለብቻ አትግዛ። የ2020ው «አሊክስ» ታሪኩ ከ2 በፊት ቢሆንም መጨረሻ ላይ ተጫወተው፤ ፍጻሜው ከክፍል ሁለት ፍጻሜ ጋር ይገናኛል። እሱ ያለ ቪአር መነጽር አይሠራም።

ጥያቄ፦ ታሪክ አለው ትላላችሁ፤ እስካሁን ቁጭ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም። የት ነው ታሪኩ? (ዳ.፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቁጭ አድርጎ የሚነግርህ አይመጣም። ጌሙ ካሜራውን ከእጅህ ነጥቆ ፊልም አያሳይህም፤ ሰዎቹ እያወሩ አንተ ክፍሉን መዞር ትችላለህ፣ የሚናገረውን ጀርባ ሰጥተህ መሄድም ትችላለህ። ስለዚህ ሮጠህ ያለፍከው ሁሉ ያመለጠህ ታሪክ ነው። አዲስ ጀምርና የባቡር ጣቢያውን ሳትሮጥ ውጣ። አንዱ መንገደኛ ውሃውን አትጠጣ፣ የሚያስረሳ ነገር ጨምረውበታል ይልሃል። ትንሽ አለፍ ብለህ ከሽቦው ጀርባ የቆመች ሴት ታገኛለህ፤ ባሏን ለጥያቄ ከባቡር አውርደውት በሚቀጥለው ይመጣል ብለዋታል፤ መቼ እንደነበር አታስታውስም፤ እንድትጠብቀው ስለፈቀዱላት ግን ታመሰግናለች። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋቸው፤ ማንም አያገናኝልህም።

ከተማው ውስጥ የልጆች መጫወቻ ሜዳ አለ፣ ልጅ ግን የለም፤ ምክንያቱን በአደባባዩ ስክሪን የሚናገሩት፣ ከተማዋን ለወራሪዎቹ የሚያስተዳድሩት ዶክተር ብሪን ይነግሩሃል፤ ልጅ መውለድ የሚያግድ ኃይል ከተማው ላይ ተዘርግቷል። በመኪና በምትጓዝበት የባሕር ዳርቻ የጀልባ ማቆሚያዎቹ ከደረቅ አሸዋ ላይ ከፍ ብለው ቆመዋል፣ ጀልባዎቹም ጭቃ ላይ ወድቀዋል፤ ባሕሩን ወራሪዎቹ እየመጠጡት ነው። ከሬቨንሆልም በፊት ባለው በአሊክስ አባት በኤላይ ላቦራቶሪ ደግሞ ግድግዳ ላይ የተለጠፉ የጋዜጣ ቁርጥራጮችና ፎቶዎች አሉ። ዜድን ተጭነህ አቅርበህ አንብባቸው፤ ምድር በሰባት ሰዓት ጦርነት እንዴት እንደተሸነፈች እዚያ ነው ያለው። ፎቶዎቹ ፊት ስትቆም ኤላይ ራሳቸው ማስረዳት ይጀምራሉ። ጨርሰው ሳያወሩ አሊክስን ተከትለህ አትውጣ።